ኔቱ የጠፋው የት ጋ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈራችን ወጣት ማዕከል ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ ከማስታወሻዬ ላይ እንደተናገርኩት አድርጌ ጻፍኩት።

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በተለይ እናቶች ይህን ያህል ትመጣላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም፤ ደስ ብሎኛል።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። እዚህ ካለነው ኔቱን ብቻውን የሚጠቀም ማነው? እጅ አውጡ እስቲ። አራት ሰው። የቀረነው እንጋራለን ማለት ነው። አንድ መስመር ወደ ግቢ ይገባል፤ ዋናው ቤት፣ ሰርቪሱ፣ በሩ አጠገብ ያለችው የኪራይ ክፍል፣ ሁሉም ከሱ ይቀዳል፣ ወር ሲሞላ ብር ይዋጣል። እኔ ይህን ነገር እወደዋለሁ። ብቻውን የማይችለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ ይችላል።

ችግሩ ኔቱ የጠፋ ቀን ነው። የዚያን ቀን ወሬ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ «መስመሩ ነው» ይላል። ሌላው «ያቺ ልጅ ፊልም እያወረደች ነው» ይላል። ሦስተኛው «ፓስወርዱን ቀይረውብናል» ብሎ ያኮርፋል። ማንም ግን ተነስቶ አያይም። እኔ በዚህ ሰፈር ሰው ቤት እየገባሁ ራውተር፣ ኔቱን ለየስልኩ የሚያከፋፍለውን ሣጥን ማለት ነው፣ ሳስተካክል ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ከተጠራሁባቸው ቤቶች በአብዛኛው ብልሽቱን ያገኘሁት ከአጥሩ ወዲህ ነው። መስመሩ ደህና ነው። የተበላሸው መጋራቱ ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት እሱን ነው፤ የት ጋ እንደተቋረጠ ራሳችሁ እንዴት እንደምትለዩ።

የአንድ ግቢ ነገር ልንገራችሁ። አከራይዋ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ልጃቸው ዋሽንግተን ናት፣ እሁድ እሁድ በቪዲዮ ትደውልላቸዋለች። አንድ ማታ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ኔቱ ለተከራዩ ይሠራል፣ ለኔ አይሠራም። ከፋይዋ ደግሞ እኔ ነኝ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ኔት ከማጣት የበለጠ ነገር ነበር። ሰው ሆን ብሎ የቆረጠባቸው መስሏቸዋል።

ሄድኩ። ስልካቸው ላይ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው። «ይኸው ሙሉ ነው፣ ግን አይሠራም» አሉኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ዋይፋይና ኢንተርኔት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያ ምልክት የሚነግራችሁ ስልካችሁ ከራውተሩ ጋር በደንብ መገናኘቱን ብቻ ነው። ከራውተሩ ወዲያ ስላለው ምንም አይልም። ቧንቧው ግድግዳው ላይ አለ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ውሃ መምጣቱን የምታውቁት ግን ስትከፍቱት ነው።

ስለዚህ ስልካቸውን ተቀብዬ የዋይፋዩን ዝርዝር ከፈትኩ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ስም ስትነኩ ይመጣል። እዚያ አይፒ አድራሻ የሚል አለ፣ ጌትዌይ የሚልም አለ፤ ወደ ኢንተርኔት መውጫው በር ማለት ነው። የሳቸው ስልክ ላይ አድራሻው 192.168.0.104፣ ጌትዌዩ 192.168.0.1 ይላል። የቤቱ ሞደም፣ ከውጭ የሚመጣው መስመር የሚገባበት ዋናው ራውተር ማለት ነው፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን 192.168.1.1 ነው የሚለው። አንድ ቁጥር ነው ልዩነቱ፤ ዜሮና አንድ። ይህ ስልክ አድራሻ የተሰጠው ከሌላ ቦታ ነው ማለት ነው።

ከየት? ይህን እንድትረዱልኝ ስለ አድራሻ ትንሽ ላውራ።

የደብዳቤውን ዘመን አስታውሱ። አንድ መሥሪያ ቤት አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበረው። ውስጡ ስልሳ ሰው ይሠራ ይሆናል፣ ደብዳቤው ግን በዚያች በአንዷ ቁጥር ነው የሚመጣው፤ ከዚያ መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ «ይሄ የሂሳብ ክፍሉ ነው፣ ይሄ የጥበቃው ነው» እያለች ታድላለች። ራውተር የሚሠራው ይህንኑ ነው። ኢንተርኔት ላይ ግቢያችሁ ያለው አንድ አድራሻ ነው። ውስጥ ያሉት ስልክና ላፕቶፕ ሁሉ የውስጥ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ራውተሩ ማን ምን እንደጠየቀ መዝግቦ ይይዝና መልሱ ሲመጣ ለጠያቂው ይሰጣል። ይህ የመጣው የአድራሻ እጥረት ስለነበረ ነው። የድሮው የአድራሻ አሠራር 4.3 ቢሊዮን ገደማ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ለዓለም ሕዝብ አንዳንድ እንኳን አይዳረስም። በ1994 በፈረንጆች አቆጣጠር የመጋራቱ ዘዴ ተጽፎ ወጣ፣ በ1996 ደግሞ ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የሚሆኑ ቁጥሮች በይፋ ተለዩ። በ192.168 የሚጀምረው ከነሱ አንዱ ነው። ለዚህ ነው የናንተም ቤት የጎረቤታችሁም ቤት ሞደም ሁለቱም 192.168.1.1 ሆነው የማይጋጩት፤ ሁለት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት «ክፍል ቁጥር 3» እንዳለ ማለት ነው።

አሁን እዚያች አንዲት መዝገብ ቤት ውስጥ ሁለት ሠራተኛ ቢቀመጥ አስቡት። አይተዋወቁም። ሁለቱም «ቁጥር የምሰጠው እኔ ነኝ» ይላሉ። አንዷ የሣጥኑ ቁልፍ አላት፣ ሌላዋ የላትም።

በዚያ ግቢ የሆነው ይህ ነው። ተከራዩ ልጅ ክፍሉ ድረስ ዋይፋዩ ስለማይደርስለት ከመርካቶ ያገለገለ ራውተር ገዛ። ከዋናው ሞደም ኬብል ስቦ ራውተሩ ላይ ሰካ። ራውተር ጀርባ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉ፣ ብዙውን ጊዜ አራት ናቸው፤ አንድ ደግሞ ለብቻው የቆመ፣ በብዛት በቀለም የተለየ አለ። ለብቻው ያለው ከውጭ የሚመጣው መስመር የሚገባበት ነው። ልጁ የሰካው ከአራቱ በአንዱ ነው። ራውተሩ እንደልማዱ አድራሻ ማደል ጀመረ፤ ለራሱ ክፍል ብቻ ሳይሆን በዚያው በኬብሉ ተመልሶ ለመላው ግቢ። «መውጫው በር እኔ ነኝ» ይላል፣ እሱ ጋ ግን መውጫ የለም፤ ለብቻው ያለው ቀዳዳ ባዶውን ነው። አንድ ስልክ ዋይፋይ ላይ ሲገባ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ይጠይቃል፣ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። የልጁ ስልክ ያን ቀን የቀናው ከዋናው ሞደም ነው፤ ይሠራል። የእማማ ስልክ ከሌላው ተቀበለ፤ አይሠራም። በማግስቱ ሊገለበጥ ይችል ነበር። እንዲህ ዓይነት ብልሽት ነው ሰውን ከሰው የሚያቃቅረው፣ ለአንዱ ሠርቶ ለአንዱ ሲቀር ሰው የሚጠረጥረው ሰውን ነውና።

ማስተካከያው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የሱን ራውተር ከፍቼ ገባሁ። ዲኤችሲፒ የሚለውን፣ አድራሻ ማደሉን ማለት ነው፣ አጠፋሁ። የራሱን ቁጥር 192.168.1.2 አደረግኩት። ኬብሉን እዚያው ተውኩት። አሁን ያ ራውተር ዋይፋይ የሚያደርስ ብቻ ሆነ፣ የሚያድለው ዋናው ብቻ ነው። ስልኮቹን ዋይፋያቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ አደረግኩ። ለእማማም አስረዳኋቸው፤ ልጁ ምንም እንዳልቆረጠባቸው ሲገባቸው ወዲያው ነው የጠሩት።

«ለብቻው ባለው ቀዳዳ ብሰካውስ?» የምትሉ አላችሁ። ይቻላል። ያኔ ራውተሩ በራሱ ሌላ ትንሽ ግቢ ይሆናል። ግን ሁለቱም 192.168.1.1 ከሆኑ አይሠራም፤ ውስጡም ውጭውም አንድ ቁጥር ሲሆንበት የቱ ወዴት እንደሆነ አያውቅም። የሁለተኛውን 192.168.2.1 አድርጉትና ይለቃችኋል። ሲሠራ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፤ ዋናው ቤት ያለው ፕሪንተር ከውስጠኛው ክፍል ላይታያችሁ ይችላል።

አንድ ደግሞ ከራሴ። ጀማሪ እያለሁ አንድ ቤት ከስዊች፣ አንዱን ኬብል ለብዙ ከሚያካፍለው ሣጥን፣ የወጣ ኬብል ሌላውን ጫፉን እዚያው ስዊች ላይ መልሼ ሰክቼ ሄጃለሁ። ቤቱ ሙሉ ቆመ። መልእክቱ እየዞረ፣ እየተባዛ፣ ሁሉንም ያንቃል፤ የስዊቹ መብራቶች ሁሉም ባንድ ላይ በፍጥነት ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ያን ካያችሁ ኬብሉን አንድ በአንድ ንቀሉ።

እሺ፣ ወደ ፍለጋው። ደንቡ አንድ ነው፤ ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር። ሦስት ነገር ባንድ ላይ ከነካካችሁ ቢሠራም የቱ እንዳስተካከለው አታውቁም፣ ባይሠራ ደግሞ አዲስ ብልሽት ጨምራችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ ራሳችሁን የምትጠይቁት «ለኔ ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም?» ነው። ተነስታችሁ የጎረቤቱን በር አንኳኩ። ይህ ከሁሉም መሣሪያ ይበልጣል። ለሁሉም ከጠፋ ወደ ሞደሙ ሂዱ፤ ለናንተ ብቻ ከሆነ ሞደሙን አትንኩት፣ የሌላውን ሰው ስብሰባ ወይም ትምህርት ታቋርጣላችሁ።

ቀጥሎ የስልኩን አድራሻ እዩ። በ169.254 የሚጀምር ካያችሁ ማንም አድራሻ አልሰጠውም ማለት ነው፤ ጠይቆ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ ያወጣው ቁጥር ነው። ላፕቶፕ ላይ ይበዛል። ኬብሉ ተነቅሏል፣ ወይም አዳዩ ተኝቷል። ከዚያ ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብላችሁ ጻፉ፣ ወይም ጌትዌዩ የሚለውን ቁጥር። የሞደሙ ገጽ ከተከፈተ ከናንተ እስከ ሞደሙ ያለው ደህና ነው፣ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። ካልተከፈተ ከዚያ ወዲህ ነው። በቃ፣ ግማሹን ፍለጋ ጨረሳችሁ።

ላፕቶፕ ያላችሁ ፒንግን ልመዱ። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታችሁ ፒንግ ብላችሁ ቁጥሩን መጻፍ ነው። ትንሽ መልእክት ይልካል፣ መልሱ በስንት ጊዜ እንደመጣ ይነግራችኋል። ማይክ ሙስ የሚባል አሜሪካዊ ነው በ1983 ታኅሣሥ ላይ፣ በነሱው አቆጣጠር፣ የጻፈው፤ የራሱን ኔትወርክ ብልሽት ሊፈልግ ብሎ። ስሙን ያወጣው ሰርጓጅ መርከብ ድምፅ ልኮ ከሚሰማው ማሚቶ ነው። አርባ ዓመት አልፎት ዛሬም እኔ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምነካው እሱን ነው። ሞደሙን ፒንግ አድርጉ። ከዚያ 8.8.8.8ን፤ ውጭ ያለ የጉግል አድራሻ ነው። ይህ መልስ እየሰጠ ድረ ገጽ በስሙ ካልተከፈተ፣ መንገዱ አለ፣ የጠፋው ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ማውጫ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ዲኤንኤስ የሚለው ላይ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 ማስገባት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከሞደሙ ወዲያ ከሆነስ? መብራቶቹን እዩ። ፋይበር ከሆነ ሎስ የሚለው ቀይ ሆኖ ብልጭ ካለ ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም። ያኔ ነው ለአቅራቢው መደወል። ግን ከመደወላችሁ በፊት ያቺን ቀጭን የፋይበር ገመድ እዩአት፤ ሶፋ ስትገፉ ታጥፋ ሊሆን ይችላል። ውስጧ መስታወት ነው፣ አጥብቃችሁ ካጠፋችኋት ብርሃኑ ይፈስሳል።

አንድ ነገር አደራ። ሪስታርትና ሪሴት አንድ አይደሉም። ሪስታርት ከሶኬት ነቅሎ፣ ሠላሳ ሰከንድ ቆይቶ መሰካት ነው። ሪሴት ያቺ በመርፌ የምትነካ ቀዳዳ ናት፤ እሷ አቅራቢው ያስገባውን የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ሁሉ ልታጠፋው ትችላለች። ትንሽ ብልሽት ይዞ የነበረ ቤት በመርፌ ምክንያት ሦስት ቀን ያለ ኔት ሲቀመጥ አይቻለሁ። መርፌውን አስቀምጡት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም መጀመሪያ ሞደሙ ይነሳ፣ መብራቱ እስኪረጋ ሁለት ሦስት ደቂቃ ስጡት፣ ከዚያ ሁለተኛውን ራውተር ሰኩ።

ኬብልን በአጭሩ። ከግቢ ጫፍ እስከ ጫፍ መቶ ሜትር ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያ በላይ አትመኑት። ውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ ነው። አራቱ ብቻ ደህና ሆነው ቢቀሩ ሊሠራ ይችላል፣ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1000 ሜጋቢት ወደ 100 ይወርዳል፤ «ኔቱ አለ ግን ሞቷል» የሚባለው አንዳንዴ ይሄ ነው። በር ስር የሚያልፍ ኬብል በር በተዘጋ ቁጥር ይቀጠቀጣል። ጣሪያ ላይ ያለውን ፀሐይ ያደርቀዋል። ርካሹ ኬብል ደግሞ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ መዳብ የተቀባ ነው፤ ሁለት ሦስቴ ስታጥፉት ይሰበራል።

ከላፕቶፕ ወይም ከስልክ የምታጋሩ ወጣቶች ደግሞ አላችሁ። ዊንዶውስ ይህን ከ1999 ጀምሮ ያውቃል። እዚያ የሚሳሳቱት የቱን እንደሚያጋሩ ነው። የምታጋሩት ኔት የሚገባበትን መስመር ነው እንጂ ለጓደኛችሁ የሚወጣበትን አይደለም። በትክክል ከሠራ የሚወጣበት በኩል 192.168.137.1 የሚል ቁጥር ይይዛል፤ ያን ካላያችሁ ገና አልተጋራም። ተቀባዩ ላፕቶፕ ላይ ድሮ በእጅ የተጻፈ አድራሻ ቀርቶ ከሆነ አጥፉትና በራሱ እንዲቀበል አድርጉት። ቪፒኤን፣ ኔቱን በሌላ ቦታ አዙሮ የሚያሳልፈው ፕሮግራም፣ ከተከፈተም ዝጉና ሞክሩ።

አሁን የኛ አገር ብቻ የሆነ አንድ ብልሽት ልንገራችሁ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ አድክሞኛል። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፕ ነው። ዋይፋዩ ይሠራል። አድራሻው ልክ ነው። ፒንግ ይመልሳል። ድረ ገጽ ግን አንድም አይከፈትም፤ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይመልሳታል። ራውተሩን ቀየርኩ፣ ብሮውዘሩን ቀየርኩ። በመጨረሻ ዓይኔ ከታች በኩል ወዳለው ሰዓት ሄደ። 2017 ይላል። ጊዜው በፈረንጅ 2025 ነበር። የላፕቶፑ የሰዓት ባትሪ ሞቶ ቀኑ ሲጠፋ ወንድሟ አስተካክሎላታል፤ በኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው የምስክር ወረቀት ይዞ ነው የሚቀርበው። ኮምፒውተሩ 2017 ላይ ቆሞ ሲያየው ወረቀቱ ገና አልተሰጠም። አላምንም አለ፤ ልክም ነው። ቀኑን አስተካከልኩ፣ ሁሉም ተከፈተ። የዚያን ልጅ ፊት ብታዩት። ፈተና የምትመዘገብበት የመጨረሻ ቀን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሳላይ ራውተር አልነካም።

መጨረሻ ላይ ጥያቄ የጠየቁኝ እናት ነበሩ፤ እሱን ጽፌ ላብቃ። «ማታ ማታ ልጄ ከቤሩት ስትደውል ድምጿ ይቆራረጣል፣ ቀን ግን ደህና ነው፤ ለምንድነው?» አሉኝ። ማታ ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ጠየቅኳቸው። ስድስት። ስልኮቹ ፎቶ በራሳቸው ወደ ላይ ይጭናሉ ወይ አልኳቸው፤ አላወቁም። እዚያው ያለው የልጅ ልጃቸው ግን «አዎ፣ ዋይፋይ ሲያገኝ ይጭናል» አለ። ይኸው ነው። ቀን ሁሉም ውጭ ነው፣ ማታ ሁሉም ቤት ሲገባ የስድስት ስልክ ፎቶና ቪዲዮ ባንድ በር መውጣት ይጀምራል። ሰው የሚያወርደውን ይጠረጥራል እንጂ የሚጭነውን አይጠረጥርም። የሚጭነው በር ሲጨናነቅ የስልክ ድምፅ ከኋላው ተሰልፎ ይቆማል። አንድ ቤት ፒንጉ 40 ሚሊ ሰከንድ የነበረው አንድ ስልክ ቪዲዮ መጫን ሲጀምር 900 ሲደርስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ልጁን ስልኩን አምጣ አልኩት። የፎቶ መጫኛውን ቻርጅ ላይ ሲሆን ብቻ እንዲጭን አደረግነው፤ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው ሊተኛ ሲል ነው። የቀሩትን አምስቱን እሱ ቤት ሄዶ ሊያስተካክል ቃል ገባ። ሞደሙስ የት ነው ስላቸው «ቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ እንዳያስጠላ ዳንቴል አልብሼዋለሁ» አሉኝ። ዳንቴሉ ምንም አይልም፣ እሱ ይቆይ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ግን ያውጡትና ከፍ ብሎ፣ ገለጥ ያለ ቦታ ይቀመጥ አልኳቸው፤ ቡፌው ላይ ይበቃል። ልጃቸው የምትደውለው ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሊነግሩኝ ቁጥሬን ወስደዋል።